አንድ ታዋቂ ፖርትሬት ፈትቶ መልሶ ማንሳት፦ ከታላላቅ ፎቶ አንሺዎች የመማሪያ መንገድ

የታወቁ ፎቶ አንሺዎችን ሥራ በብዛት ማየት ዓይንን ያለምዳል፤ እጅን ግን አያሠለጥንም። በመቶ የሚቆጠር ፖርትሬት (የሰው ገጽ ፎቶ) ያገላበጠ ሰው ካሜራ ሲይዝ ብርሃኑን ከየት እንደሚያመጣ፣ ተነሺውን ወዴት እንደሚያዞር አሁንም ይቸገራል። ጥበቡ የሚገባው አንድ ፎቶ ተመርጦ፣ ብርሃኑ ከምስሉ ላይ ተነቦ፣ በራስ ካሜራ እንደገና ተነስቶ ከዋናው ጋር ጎን ለጎን ሲታይ ነው። በሁለቱ መካከል የሚታየው ልዩነት ምን እንዳልገባን በግልጽ ይነግረናል። ለአንድ ፎቶ አንድ ሳምንት መስጠት አይበዛም።

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው። ፍጥነቱንና የሌንሱን ቀዳዳ በእጅ ማስተካከል የሚቻልበት ካሜራ፣ 50 ወይም 85 ሚሊሜትር ሌንስ፣ ትራይፖድ፣ አንድ ትልቅ መስኮት፣ 70 በ100 ሴንቲሜትር የሚሆን ነጭ ካርቶን ወይም ፎም ቦርድ፣ ሁለት ሜትር ጥቁር ጨርቅ፣ ማስታወሻ ደብተር፣ እና ትዕግሥት ያለው ተነሺ። ስልክ ብቻ ያለው ሰውም መጀመር ይችላል፤ ነገር ግን በሰፊው ሌንስ ተጠግቶ ከማንሳት ይልቅ 2 ወይም 3 እጥፍ የሚያቀርበውን ሌንስ መርጦ 1.5 ሜትር ያህል ይራቅ። ጀርባውን በሶፍትዌር የሚያደበዝዘውን የፖርትሬት ሞድ ማጥፋት ይሻላል፤ የጀርባና የብርሃን ግንኙነት የሚጠናው እውነተኛው ሲታይ ነውና።

1. ፎቶውን መምረጥ

በአንድ የብርሃን ምንጭ የተነሳ ፖርትሬት ምረጡ። የፈረንሳዩ ናዳር ሥራዎች፣ የጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የፊት ፎቶዎች፣ የማሊው ሴዱ ኬይታ የግቢ ስቱዲዮ ሥራዎችና ሪቻርድ አቬዶን በነጭ ወረቀት ፊት ያነሳቸው ሰዎች ለጀማሪ የተመቹ ናቸው። የዩሱፍ ካርሽን ፎቶ ቀድሞ መሞከር ግን አይመከርም። ካርሽ ብዙ መብራት ይጠቀም ስለነበረ የትኛው ጥላ ከየትኛው መብራት እንደመጣ ለመለየት ልምድ ይጠይቃል።

ምስሉን ከማኅበራዊ ሚዲያ አትውሰዱ። እዚያ የሚዞሩት ቅጂዎች ጠርዛቸው የተቆረጠ፣ ጥቁሩና ነጩ የተጋነነ ነው፤ በእነሱ ላይ ጥላ ማንበብ ያሳስታል። የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየምና የሎስ አንጀለሱ ጌቲ የናዳርንና የካሜሮንን ፎቶዎች በትልቅ መጠን በነፃ ያቀርባሉ። ጥሩ ኅትመት ያለው መጽሐፍ ከተገኘ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል።

2. ብርሃኑን ከምስሉ ማንበብ

ንባቡ ሁልጊዜ ከዓይን ይጀምር። ምስሉን አጉሉና በተነሺው ዓይን ብሌን ላይ ያለውን ነጭ ነጸብራቅ ፈልጉ። ብሌኑን እንደ ሰዓት ገጽ ብንወስደው፣ ነጸብራቁ የ10 ቁጥር ባለበት ቦታ ላይ ካለ ብርሃኑ የመጣው ከካሜራው በስተግራ፣ ከተነሺው ዓይን ከፍ ካለ ቦታ ነው። የ2 ቁጥር ባለበት ላይ ከሆነ ከቀኝ ነው። ቅርጹ አራት ማዕዘን ከሆነ መስኮት ወይም ሶፍትቦክስ (ፊቱ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ሳጥን መሳይ መብራት)፣ ክብ ከሆነ ዣንጥላ ወይም ክብ መብራት ሊሆን ይችላል። ከብሌኑ በታች በኩል ሌላ ደብዛዛ ነጸብራቅ ከታየ ደረት አካባቢ ነጭ ነገር ነበረ ማለት ነው። በድሮ ፎቶዎች ላይ ዓይን በብሩሽ ወይም በእርሳስ ሊነካካ ስለሚችል ነጸብራቁን ብቻ አትመኑ፤ ከአፍንጫው ጥላ ጋር አስተያዩት።

የአፍንጫው ጥላ በቀጥታ ወደ ታች ወርዶ ከከንፈር በላይ ካረፈ ብርሃኑ ከፊት ለፊት፣ ከፍ ብሎ ነው የቆመው። ወደ አንድ ጎን ትንሽ ዘንበል ካለ ብርሃኑ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ወደ ጎን ሄዷል። ጥላው ከጉንጭ ጥላ ጋር ተገናኝቶ ከዓይን በታች ትንሽ የብርሃን ሦስት ማዕዘን ብቻ ከቀረ ይህ ሬምብራንት የሚባለው አበራር ነው። የፊት ግማሽ ሙሉ በሙሉ ከጨለመ ብርሃኑ በትክክል ከጎን ነው።

ቀጥሎ የጥላውን ጠርዝ እዩ። ስለታም ጠርዝ የትንሽ ወይም የሩቅ ምንጭ ምልክት ነው፤ ፀሐይና ራቁት አምፖል እንዲህ ያደርጋሉ። ቀስ ብሎ የሚደበዝዝ ጠርዝ ከተነሺው ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ከሆነ ምንጭ ይመጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስኮት ለቀረበው ሰው ለስላሳ፣ አራት ሜትር ለራቀው ግን ጠንከር ያለ ብርሃን ነው። ወሳኙ ምንጩ ከተነሺው ቦታ ሲታይ የሚኖረው ትልቅነት ነው።

የካሜራውን ከፍታ በአፍንጫ ቀዳዳ ማወቅ ይቻላል። ቀዳዳው በደንብ ከታየ ካሜራው ከዓይን በታች ነበር፤ የራስ ቅሉ አናት ከታየ ከላይ ነበር። ርቀቱን ጆሮ ይናገራል። አፍንጫው ገዝፎ ጆሮዎቹ ወደ ኋላ ከሸሹ ፎቶ አንሺው ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ነበር። የፊት ክፍሎችን ምጥጥን የሚለውጠው ርቀት ነው፤ ሌንሱ ራሱ የሚወስነው ምን ያህሉ በክፈፉ ውስጥ እንደሚገባ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ለራስና ትከሻ ፎቶ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ርቆ 85 ወይም 100 ሚሊሜትር የሚመረጠው።

ያነበባችሁትን ከላይ እንደታየ ካርታ አድርጋችሁ ሳሉት፤ ተነሺው፣ ካሜራው፣ ብርሃኑና ጀርባው የት የት እንዳሉ ከግምታዊ ርቀታቸው ጋር ይግባ። ስዕሉ ሳይሳል ወደ ማንሳት የሚሮጥ ሰው በኋላ ምን እንደቀየረ አያውቀውም።

3. የመጀመሪያው ልምምድ፦ ናዳርና መስኮቱ

ናዳር በ1864 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አካባቢ ወጣቷን ተዋናይት ሳራ በርናርን ሲያነሳ የተጠቀመው ባዶ ጀርባ፣ ትከሻዋ ላይ የተጠቀለለ ጨርቅና ከአንድ ጎን የመጣ የቀን ብርሃን ነው። በዚያ ዘመን የስቱዲዮ ብርሃን የሚገባው በመስታወት ጣሪያና ግድግዳ በኩል ስለነበረ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ተራ መስኮት ግን ከወገብ ጀምሮ ያበራል። ስለዚህ የመስኮቱን የታችኛውን ክፍል እስከ ተነሺው ትከሻ ድረስ በጥቁር ጨርቅ ሸፍኑት። ይህን ያልሸፈነ ሰው አገጭ ሥር የሚገባው ብርሃን የፊቱን ቅርጽ ሲያጠፋበት ምክንያቱን አያገኘውም።

የክፍሉን አምፖሎች ሁሉ አጥፉ። የአምፖል ቢጫና የመስኮት ሰማያዊ በአንድ ፊት ላይ ሲደባለቁ በኋላ በኮምፒውተር ማስተካከል እጅግ ያስቸግራል። ተነሺውን ከመስኮቱ 1 ሜትር ርቀት ላይ አስቀምጡ። ካሜራው የመስኮቱን ግድግዳ ተከትሎ ይመልከት እንጂ ከመስኮቱ ፊት ለፊት አይቁም። ተነሺው ካሜራውን ሲያይ የፊቱ ግማሽ ከጨለመ ወንበሩን ከካሜራው እያራቃችሁ 50 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ኋላ ውሰዱት፤ አሁን መስኮቱ ከጎኑ ወደ ፊት ለፊቱ ስለሚጠጋ ከዓይኑ ሥር ሦስት ማዕዘኑ ብቅ ይላል። ካልታየ ፊቱን በጣም ቀስ አድርጎ ወደ መስኮቱ እንዲያዞር ጠይቁት። ሦስት ማዕዘኑ በጥቂት ዲግሪ ውስጥ ስለሚመጣና ስለሚጠፋ ዓይናችሁን ከዚያ ጉንጭ ላይ አታንሱ።

ጀርባው ከተነሺው 2 ሜትር ይራቅ። መነሻው አይኤስኦ (የካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜታዊነት) 400፣ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 4፣ ፍጥነቱ 1/125 ሰከንድ ይሁን፤ ቀኑ ከደመነ አይኤስኦውን ወደ 800 ወይም 1600 አሳድጉ እንጂ ፍጥነቱን ከ1/125 አታውርዱ። ተቀምጦ የሚያወራ ሰው ጭንቅላቱን ሳያውቀው ያንቀሳቅሳል።

ጥላው ከናዳር ፎቶ ይልቅ ከፈዘዘ ነጩ የክፍሉ ግድግዳ ብርሃን እየመለሰ ነው፤ በጥላው በኩል ከተነሺው 60 ሴንቲሜትር ላይ ጥቁሩን ጨርቅ ስቀሉ። ከጠቆረ ደግሞ በዚያው ቦታ ነጩን ካርቶን አቁሙና ልዩነቱ ልክ እስኪመጣ አቅርቡት ወይም አርቁት። ይህ አንድ ካርቶን የሚሠራውን ሥራ በሚገባ ያወቀ ሰው ለረጅም ጊዜ ሁለተኛ መብራት መግዛት አያስፈልገውም።

የካሜሮንን ሥራ ለሚሞክሩ አንድ ነገር ይጨመር። እሷ ካሜራ በ1863 በ48 ዓመቷ አግኝታ በእርጥብ የመስታወት ሳህን ትሠራ ስለነበረ አንዱ ፎቶ ብዙ ሰከንድ፣ አንዳንዴም ደቂቃዎች ይፈጅ ነበር። በፊቶቹ ላይ ያለው ልስላሴ በከፊል የተነሺው እንቅስቃሴ ነው፤ በማደብዘዣ ፊልተር አይገኝም። ካሜራውን በትራይፖድ አስራችሁ፣ ቀዳዳውን ኤፍ 11 አድርጋችሁ፣ በ1 ወይም 2 ሰከንድ አንሱት።

4. ሁለተኛው ልምምድ፦ የአቬዶን ነጭ ወረቀት

አቬዶን ከ1979 እስከ 1984 በምዕራብ አሜሪካ እየተዘዋወረ ሠራተኞችን፣ መንገደኞችንና የማዕድን ቆፋሪዎችን ሲያነሳ ትልቅ ነጭ ወረቀት ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማትነካበት ጥላ ውስጥ ይሠራ ነበር። ካሜራው 8 በ10 ኢንች ፊልም የሚወስድ ትልቅ ሳጥን ሲሆን እሱ ከኋላው ሳይሆን ከጎኑ ቆሞ ተነሺውን ፊት ለፊት ያየው ነበር። ይህ አቋም ከብርሃኑ ያልተናነሰ ትምህርት ነው። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አቁማችሁ ፎከሱን ካስተካከላችሁ በኋላ በገመድ ወይም በሪሞት አንሱ፤ ሰው ከሌንስ ይልቅ ከሰው ጋር ሲተያይ ፊቱ ይለወጣል።

2.7 ሜትር ስፋት ያለው የስቱዲዮ ወረቀት ለቁም ፎቶ ይበቃል፤ ለራስና ትከሻ ነጭ አንሶላ ተወጥሮም ይሠራል፤ መጨማደዱ እንዳይታይ በካውያ ይተኮስ። የምትመርጡት ግድግዳ ራሱ በጥላ ያለ፣ ፊት ለፊቱ ግን ሰፊ ሰማይ የሚታይበት ይሁን። ወረቀቱና ፊቱ ተመሳሳይ ብርሃን ማግኘት አለባቸው። ተነሺው ከወረቀቱ አንድ ሜትር ያህል ይራቅ።

እዚህ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ኤክስፖዠር (ወደ ካሜራው የሚገባው የብርሃን መጠን) ነው። ካሜራው በራሱ ሲለካ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ይወስዳልና ነጩ ወረቀት ግራጫ፣ ፊቱም ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ከ1 እስከ 1.3 ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ወይም ግማሽ የሚያደርግ እርከን ነው) ከፍ አድርጉና ሂስቶግራሙን፣ ማለትም የጥቁሩንና የነጩን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ፣ እዩ፤ የወረቀቱ ክምር ወደ ቀኙ ጠርዝ ይጠጋ እንጂ አይለጠፍበት። ተለጥፎ ካለፈ ነጩ በጉንጭና በፀጉር ጠርዝ ላይ እየፈሰሰ ቅርጹን ይበላል።

ሁለተኛው ችግር የዓይን ጉድጓድ መጨለም ነው። ከላይ ያለው ሰማይ በጣም ደምቆ ከፊት ያለው ከጠበበ ቅንድብ በዓይን ላይ ጥላ ይጥላል። ተነሺውን ወደ ክፍቱ ሰማይ አዙሩት ወይም ከክፈፉ ውጭ እግሩ ሥር ነጭ ካርቶን አንጥፉ። ሣር ላይ ከቆማችሁ አገጭ ሥር አረንጓዴ ቀለም ይገባል፤ የመጨረሻው ፎቶ ጥቁርና ነጭ ከሆነ አያሳስብም፣ ባለቀለም ከሆነ ግን ቦታ ቀይሩ።

5. ጥቁር ቆዳን በትክክል ማንሳት

ይህ ክፍል ሰፋ ተደርጎ መነበብ አለበት፤ የአብዛኞቹ መማሪያዎች ቁጥር የተሠራው ለነጣ ቆዳ ነውና። ጥቁር ቆዳ ቅርጹን የሚያሳየው በዋናነት በላዩ ላይ በሚያንጸባርቀው ብርሃን ነው። ምንጩ ትንሽ ከሆነ ግንባርና አፍንጫ ላይ ትናንሽ የሚያቃጥሉ ነጥቦች ይሆናሉ፤ ትልቅ ከሆነ ያው ነጸብራቅ በጉንጭ አጥንት ላይ ሰፍቶ ይፈስሳል። ስለዚህ መፍትሔው ብርሃን መጨመር ሳይሆን ምንጩን ማስፋትና ማቅረብ ነው።

የሴዱ ኬይታን ፎቶዎች እዩ። በባማኮ ስቱዲዮውን በ1948 ከፍቶ በግቢው የቀን ብርሃን፣ 13 በ18 ሴንቲሜትር ፊልም በሚወስድ ካሜራ ሲሠራ፣ ጥለት ያለው ጨርቅ ከጀርባ ይሰቅል ነበር። የመጀመሪያው ጨርቅ የራሱ የአልጋ ልብስ ነበር። ከተነሺው ፊት ይልቅ ፈካ ያለ ጀርባ ስላለ ፀጉርና ጀርባ አይዋሃዱም፤ ጥቁር ፀጉር በጥቁር ጀርባ ላይ ግን ይጠፋል።

ሲለካ ካሜራውን በስፖት (አንድ ትንሽ ቦታ ብቻ በሚለካበት ስልት) አድርጋችሁ የብርሃኑ በኩል ያለውን ጉንጭ ለኩ። ለመካከለኛ ቡናማ ቆዳ የተነበበውን እንዳለ፣ በጣም ለጠቆረ ቆዳ ደግሞ ከ2/3 እስከ 1 ስቶፕ ቀንሳችሁ ጀምሩና ግንባሩ ላይ ያለው ነጸብራቅ እንዳልነጣ አረጋግጡ። ጀርባው ጥቁር ሆኖ ካሜራው ሙሉውን ክፈፍ ከለካ ደግሞ ፊቱን ያለ ልክ ያነጣዋል፤ ያን ጊዜም በ1 ስቶፕ ያህል መቀነስ ይጠይቃል። ጨልሞ የተነሳን ፊት በኋላ በኮምፒውተር ማብራት በጥላው ውስጥ ብናኝ ስለሚያወጣ በማንሻው ሰዓት መጠንቀቅ ይሻላል። በሮው ፋይል (ካሜራው ሳያቀናብረው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) አንሱ።

ኬይታ በተለምዶ ለአንድ ደንበኛ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የሚያነሳው። እናንተም አንድ ቀን እንዲሁ አድርጉ፦ የእጅ አቀማመጥ፣ የራስ ዘንበል ማለት፣ የልብስ እጥፋት ሁሉ ተስተካክሎ ካለቀ በኋላ አንዴ ብቻ ተጫኑ። ከመጫን በፊት ስንት ነገር እንደሚታለፍ በዚያ ቀን በደንብ ይታወቃል።

6. ፎከስ

ከተነሺው ሁለት ዓይኖች ለካሜራው የቀረበው ላይ ፎከስ ይደረግ። በፉል ፍሬም (ሴንሰሩ 36 በ24 ሚሊሜትር በሆነ) ካሜራ 85 ሚሊሜትር ሌንስ በኤፍ 1.8፣ ከ1.5 ሜትር ርቀት፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 3 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነው። ፊት ወደ ጎን ከዞረ አንዱ ዓይን ጠርቶ ሌላው ይደበዝዛል። በኤፍ 4 ወደ 7 ሴንቲሜትር፣ በኤፍ 5.6 ወደ 10 ሴንቲሜትር ይደርሳል። መሃል ላይ ፎከስ ይዞ ካሜራውን ወደ ጎን ማዞር በትልቅ ቀዳዳ (በትንሽ የኤፍ ቁጥር) ስህተት ያመጣል፤ የፎከስ ነጥቡን ራሱን ወደ ዓይን ውሰዱት።

7. አቀማመጥና የፊት ስሜት

አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ አርቪንግ ፔን በ1948 ሁለት ግድግዳ መሳይ ሰሌዳዎችን አጋጥሞ ጠባብ ማዕዘን ሠራና ታዋቂ ሰዎችን እዚያ ውስጥ አቆማቸው። ሠዓሊው ማርሴል ዱሻምና ጸሐፊው ትሩማን ካፖቴ ከነዚያ መካከል ናቸው። ቦታ ሲጠብ ሰው እጁን፣ ትከሻውን፣ ክብደቱን የት እንደሚያሳርፍ ለመወሰን ይገደዳል፤ አቀማመጡ ከዚያ ይመጣል። ሁለት የ1.2 በ2.4 ሜትር ሰሌዳዎችን በ60 ዲግሪ ያህል አጋጥማችሁ ሞክሩት። ብርሃኑ ከካሜራው በላይ ከፊት ለፊት ይምጣ፤ ከጎን ከመጣ የአንዱ ሰሌዳ ጥላ ፊት ላይ ያርፋል።

ስሜትን በትእዛዝ ማምጣት አይቻልም። ካርሽ በታኅሣሥ 30 ቀን 1941 (እ.ኤ.አ.) ኦታዋ ውስጥ ዊንስተን ቸርችልን ሲያነሳ መብራቱን ከዋዜማው ጀምሮ አዘጋጅቶ ነበር። ቸርችል ሲጋሩን አላወርድም ሲል ካርሽ ተጠግቶ ከአፉ ወሰደና ወዲያው አነሳው፤ በዓለም የታወቀው ቁጣ ያዘለ ፊት የተገኘው እንዲህ ነው። ሰው አናድዱ ማለት አይደለም። የሚወሰደው ትምህርት ሁለት ነው፤ ተነሺው ከመምጣቱ በፊት ብርሃኑ በሌላ ሰው ላይ ተፈትኖ ይለቅ፣ ስሜትም ከሚደረግ ነገር ይምጣ። «ፈገግ በል» ከማለት ይልቅ ሥራውን በእጁ እንዲያሳይ፣ ወይም ዓይኑን ጨፍኖ እንዲገልጥ ጠይቁት። አገጩን ወደ ካሜራው ሁለት ሴንቲሜትር ገፋ አድርጎ ትንሽ ዝቅ ማድረግ የአንገትን መስመር ያጠራል፤ ተነሺው ራሱን ወደ ኋላ ከሳበ ግን ሁለተኛ አገጭ ይፈጠራል።

አሜሪካዊቷ ፎቶ አንሺ ዶሮቲያ ላንግ በመጋቢት 1936 በኒፖሞ፣ ካሊፎርኒያ ያነሳቻትን ስደተኛ እናት ተከታታይ ፎቶዎች የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይዟቸዋል። ከሩቅ ድንኳኑ ሁሉ ከሚታይበት ተነስታ እየተጠጋች እንደሄደች ይታያል። አንድን ሰው ከ4 ሜትር ጀምራችሁ በአራት እርከን እስከ 1.5 ሜትር ተጠጉ፤ በእያንዳንዱ ላይ ከክፈፉ ምን እንደወጣ ጻፉ።

8. ማወዳደር

ሁለቱን ምስሎች በጥቁርና ነጭ፣ በአንድ መጠን፣ ጎን ለጎን ክፈቱ። ከዚያ በማስተካከያው ፕሮግራም ውስጥ ቀለም የሚያነበውን መሣሪያ ይዛችሁ አራት ቦታዎችን ለኩ፦ የብርሃኑ በኩል ግንባር፣ የጥላው በኩል ጉንጭ፣ ልብስ፣ ጀርባ። ንባቡ ከ0 እስከ 255 ነው። ለምሳሌ ግንባሩ በሁለቱም 190 ሆኖ የጥላው ጉንጭ በዋናው 60፣ በእናንተ 25 ከሆነ ብርሃኑ ልክ ነው፤ የጎደለው መላሹ ካርቶን ነውና አቅርቡት። ጉንጩ ልክ ሆኖ ጀርባው ከነጣ ተነሺውን ከጀርባው አርቁት። በአንድ ዙር አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ ሁለት ከተቀየረ ውጤቱ ከየትኛው እንደመጣ አይታወቅም።

አራቱ ንባቦች ከዋናው በ15 ገደማ ሲቀራረቡ መጽሐፉን ዝጉና ያንኑ ብርሃን በሌላ ሰው ላይ ከትዝታ ሥሩት። እንዲህ ዓይነቱን ልምምድ ለሕዝብ ስታቀርቡ በማን ሥራ ላይ ተመሥርቶ እንደተሠራ መጻፍ ተገቢ ነው።

9. ሁለተኛው መብራት

መስኮቱና ነጭ ወረቀቱ ከተለመዱ በኋላ ወደ ካርሽ መሄድ ይቻላል። ዋናውን መብራት ከካሜራው በአንድ ጎን 45 ዲግሪ፣ ከተነሺው ዓይን 50 ሴንቲሜትር ከፍ አድርጉ። ሁለተኛውን በተቃራኒው ጎን ከተነሺው በስተኋላ አቁሙና ወደ ጉንጭና ፀጉር ጠርዝ አነጣጥሩ። መጀመሪያ ሁለተኛውን ብቻ አብርታችሁ ተመልከቱ፤ የሚታየው ቀጭን የብርሃን መስመር ብቻ መሆን አለበት። አፍንጫ ጫፍ ላይ ከደረሰ በጣም ወደ ፊት መጥቷልና ወደ ኋላ መልሱት። ኃይሉን ከዋናው ጋር እኩል አድርጋችሁ ጀምሩና መስመሩ ከነጣ በ1 ስቶፕ ቀንሱ። መብራቱ ወደ ሌንሱ ከተመለከተ ምስሉ በሙሉ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል፤ ከመብራቱና ከካሜራው መካከል፣ ከክፈፉ ውጭ፣ ጥቁር ካርቶን ሲቆም ይጠራል።